ዳኝነቱ ርካሽ፣ መንገዱ ውድ፦ የፍትሐ ብሔር ፍትሕ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ

መግቢያ

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” ይላል ያገራችን ሰው። ተከራክሮ፣ ምስክር አሰምቶ ከተረታ በኋላ በቅሎውን ቢያጣ ይችለዋል፤ ዳኛ ሳያየው የተወሰደበት ጭብጦ ግን ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል ማለት ነው። ይህን ተረት ያወረሰን ሕዝብ ፍርድ ወዳድ ነው። “በላ ልበልሃ” እያለ ሲሟገት የኖረ፣ የተናገረውን ነገር በምሳሌ የሚያስር፣ ዋስ ጠርቶ የሚሄድ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ያቺን ጭብጦ ለማስመለስ የበቅሎ ዋጋ የሚያህል ወጪ ቢጠየቅስ? በቅሎውን ሸጦ ጭብጦ ማስመለስ ፍትሕ ነው ወይ? ይህች ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ተራ ገበሬ የፍትሐ ብሔር ክርክር ሲኖረው ወጪው በየት በኩል እንደሚመጣበትና በምን ሊቀንስ እንደሚችል ለማሳየት ትሞክራለች። ስለ “ተደራሽ ፍትሕ” ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የዳኝነት ገንዘብና የጠበቃ ክፍያ ነው። በእኔ እምነት ግን በእነዚህ ወረዳዎች ትልቁ ወጪ ሌላ ነው፤ እሱም ምልልስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ድንጋጌው “የማቅረብ” መብት ብቻ ሳይሆን “ውሳኔ የማግኘት” መብትም ነው። በሩ ክፍት ሆኖ እስከ ውሳኔው መድረስ ያልቻለ ሰው መብቱን አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ድሃን ጨርሶ አልረሳም። ከቁጥር 467 እስከ 479 ባሉት ድንጋጌዎች የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ያለውን ንብረት በዝርዝር አቅርቦ፣ ፍርድ ቤቱም አጣርቶ ሲፈቅድለት፣ ሳይከፍል መክሰስ እንዲችል መንገድ ከፍቷል። በችሎት ቋንቋ “በድሃ ደንብ መክሰስ” የምንለው ይህንኑ ነው። በተጨማሪም ያሸነፈ ወገን ወጪውን ከተሸናፊው እንዲጠይቅ ከቁጥር 462 ጀምሮ ስለ ወጪና ኪሳራ ተደንግጓል።

ይሁን እንጂ በድሃ ደንብ የቀረው የዳኝነት ገንዘብ ብቻ ነው። መንገዱ፣ ማደሪያው፣ የምስክሩ ምሳና የታጎለው እርሻ አልቀሩም። ወጪና ኪሳራውም ቢሆን የሚጠየቀው በመጨረሻ፣ ያውም ለአሸናፊ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወጪውን ከየት ያምጣ?

ዳኝነት ድሮ የት ነበር?

ዳኛን ወደ ገበሬው የማቅረብ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ባላጋራዎች በመንገድ ያገኙትን ሽማግሌ ሳይቀር “ዳኘን” ብለው ዛፍ ሥር ያስቀምጡት ነበር። ይሁንና ያኔም ዳኝነት ነጻ አልነበረም። ተሟጋቾች በማር፣ በበቅሎ ወይም በብር ይወራረዱ ነበር፤ ውርርዱም የተረታውን ያስከፍለው ነበር።

በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኛ ሲቋቋም እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በአካባቢው እንዲያይ ሥልጣን ተሰጠው። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎዎች የመሬት ክርክርን በየማኅበሩ ማየት ጀመሩ። ከዚያም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች መጡ። በሦስቱም ሥርዓት የጋራ የሆነው ነገር ትንሽ ነገር እዚያው ይለቅ የሚለው አስተሳሰብ ነው። ጉድለታቸውም እንዲሁ ተመሳሳይ ነው፤ ዳኛው ጎረቤት ስለሆነ ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ ባላንጣ ነው፣ ወይ የባለሥልጣን ቃል አይወጣም ይባላል። ቅርበትና ገለልተኝነት አብረው ካልሄዱ ገበሬው እንደገና ወደ ወረዳው መንገድ ይጀምራል።

ወጪው የት ላይ ነው?

የአካባቢውን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ለመገመት አይቸገርም። የላይ ጋይንት ፍርድ ቤት ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት ዓርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የምሥራቅ እስቴ መካነ ኢየሱስ ናቸው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልዲያ የሚሄደው ዋና መንገድ ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ግን አገሩ ገደልና ሸለቆ ነው። የስማዳ ቆላ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ይወርዳል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ስማዳም ሆነ ላይ ጋይንት እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚመለከተው አንድ የወረዳ ከተማ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለማስረጃ ያህል የተቀመጠ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት የስማዳ ቆላ ባለይዞታ አለች እንበል። ጎረቤቷ በእርሻ ወቅት ወሰን ገፍቶ ግማሽ ጥማድ የሚሆን መሬት ወሰደባት። ከቀበሌዋ እስከ ወገዳ አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን መመለሻ ነው። ምን ያህል ጊዜ ትመላለሳለች?

አንደኛ፣ ማመልከቻ አጽፋ መዝገብ ለማስከፈት። ሁለተኛ፣ መጥሪያ ተቀብላ ለማድረስና መድረሱን ለማስረዳት። ሦስተኛ፣ ተከሳሹ መልስ ሲሰጥ መልሱን ለመቀበል። አራተኛ፣ ክርክር ለመስማት። አምስተኛ፣ ምስክር ለማሰማት። ስድስተኛ፣ ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተጠየቀው ማስረጃ ሲመጣ። ሰባተኛ፣ ለፍርድ። ሰባት ምልልስ በሁለት ቀን 14 ቀን ነው። ሦስት ምስክሮች አንድ ጊዜ ቢመጡ 6 ቀን ይጨመራል። በድምሩ 20 የሥራ ቀን ሆነ። ይህ እንግዲህ አንድም ቀጠሮ ሳይለወጥ ነው! ሦስት ጊዜ ብቻ ቀጠሮ ቢለወጥባት 26 ይሆናል፤ ከሦስቱ አንዱ ምስክሮቹ በመጡበት ቀን ከሆነ ደግሞ ምስክሮቹ ዳግም ስለሚመጡ 32 ይደርሳል። ለግማሽ ጥማድ መሬት!

ለዚህች ሴት የሥራ ቀን ማለት ምን ማለት ነው? የአረም ወይም የአጨዳ ቀን ሊሆን ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል እነዚህ ወረዳዎች ይገኙበታል። በፕሮግራሙ የታቀፈ ቤተሰብ ደግሞ ቀለቡን የሚያገኘው የማኅበረሰብ ሥራ ወጥቶ ነው። ፍርድ ቤት የዋለ ሰው ከሥራው ቀረ ማለት ነው።

ቀርታ ብትገኝስ? በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ በቂ ምክንያት እንደነበራት በአንድ ወር ውስጥ አመልክታ ካላስከፈተች በስተቀር በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብ አትችልም። ወንዝ ሞልቶ የቀረ ሰው ሄዶ ወንዙ መሙላቱን ማስረዳት አለበት። ይህም ሌላ ምልልስ ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ ክፋት ይታያል። ቀጠሮ ለሁለቱ ባላጋራ እኩል ዋጋ የለውም። ከተማ ቤት ላለው፣ ጠበቃ ለገዛ፣ እርሻውን የሚያርስለት ሰው ላለው ቀጠሮ መለወጡ ጉዳት አይደለም። እንዲያውም መሬቱን በእጁ አድርጎ እያረሰ ስለሆነ እያንዳንዱ ቀጠሮ ምርት ያስገባለታል። ስለዚህ በሕግ መርታት የማይችል ሰው በመንገድ ሊረታ ይችላል። “ተያት፣ ራሷ ትሰለቻለች” የሚባለው ይህ ነው።

ከወረዳው ቀጥሎ ያለውም አይቀልም። ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ወደ ደብረ ታቦር ይቀርባል። ከዚያ ሰበር ባሕር ዳር ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የተባለበት የመጨረሻ ውሳኔ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ዳር ራሷ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ወረዳ ላይ የረታች ሴት እንኳ “መልስ ሰጪ” ተብላ እየተጠራች መከተሏ አይቀርም። በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው የትጥቅ ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሥራ ሲቋረጥ የሚደርሰውን መጉላላት መጨመር ነው።

ሽምግልና ይበቃል ወይ?

“ታዲያ በሽምግልና አይጨርሱም?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽምግልና እዚያው ሰፈር ይቀመጣል፣ በሰንበት ወይም በበዓል ቀን ይውላል፣ ከፍርድ በኋላም ጎረቤት ጎረቤት ሆኖ እንዲኖር ያደርጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ግልግል ከቁጥር 3307 ጀምሮ ይደነግጋል፤ የገጠር መሬት ሕጎቻችንም የይዞታ ክርክር በቅድሚያ በውይይትና በስምምነት እንዲያልቅ ያበረታታሉ።

ነገር ግን ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው፣ ስምምነቱ በቃል ብቻ ከቀረ በመጪው ሐምሌ ወሰኑ ተመልሶ ይገፋል። ያኔ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ሁለተኛው፣ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት በአመዛኙ ወንዶች ናቸው። ለባልቴቷ “አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ፣ ተይለት፣ ነገ ልጅሽን ያግዛል” ቢሏት በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት ይከብዳታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች በመሬት ላይ እኩል መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የፈቀደውም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ፈቃድና ይሉኝታ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የሽምግልናን ቅርበት ከፍርድ ቤቱ ጉልበት ጋር ማጋባት ያስፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ በእጃችን አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባሉት ድንጋጌዎች ተከራካሪዎች የደረሱበትን እርቅ በጽሑፍ አድርገው ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ይችላሉ። ዳኛው ከሕግና ከሞራል የማይቃረን መሆኑን አይቶ ከተቀበለው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በዚያች አንድ ቀን ዳኛው ሴትየዋን ብቻዋን ጠርቶ “ወደሽ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሌሎችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ሩዋንዳ “አቡንዚ” የሚባሉ በሕዝብ የተመረጡ አስታራቂዎችን በሕግ አቋቁማ አነስተኛ ጉዳዮችን በነጻ እንዲያዩ አድርጋለች። በሕንድ “ሎክ አዳላት” በተባሉት የእርቅ ችሎቶች በፍርድ ቤት የተጀመረ ጉዳይ በስምምነት ካለቀ የተከፈለው የዳኝነት ገንዘብ ይመለሳል፤ ውሳኔውም ይግባኝ የለውም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ትምህርት ነው፤ እርቅ መንገዱን ሁሉ እስከ ሰበር ድረስ ያሳጥራልና። በአገራችንም የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤ የሚጠቀለለው በአንድ መለኪያ ነው፤ ማንኛውም የፍትሕ ማሻሻያ “ስንት ምልልስ ቀነሰ?” ተብሎ ይጠየቅ።

በመጀመሪያ፣ ማመልከቻው በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ይቅረብ። የብዙ መዝገብ መጓተት የሚጀምረው ከችሎት ሳይሆን ከማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 መሠረት ከክስ ማመልከቻው ጋር የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ የሚያስረዱት ጭብጥና የጽሑፍ ማስረጃ ተያይዞ መቅረብ አለበት። ለመሬት ክርክር ከቤት የሚወጣ ሰው እነዚህን ይዞ ይውጣ፦ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን፤ የመሬቱን አዋሳኞች በአራቱም አቅጣጫ፤ የተገፋውን መሬት ስፋትና የተገፋበትን ጊዜ፤ የምስክሮቹን ስምና ቀበሌ፤ የእኩል ወይም የኪራይ ውል ካለ ውሉን፤ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ካልቻለ ድህነቱን የሚያስረዳ ማስረጃ። ይህች ዝርዝር በትልቅ ፊደል ተጽፋ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብትለጠፍ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ምልልስ ታስቀራለች።

ሁለተኛ፣ የመሬት አስተዳደር ማስረጃ ቀድሞ ይምጣ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት ተጀምሯል፤ የባልና ሚስት ይዞታ የሁለቱም ስም ይሰፍርበታል። መዝገቡ እዚያው ወረዳ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ቢሮ ይገኛል። ታዲያ የመሬት ክስ በተከፈተበት ቀን የማስረጃ ጥያቄው ወዲያው ቢላክ መልሱ ለመጀመሪያው ክርክር ይደርሳል። ስድስተኛው ምልልስ እዚህ ላይ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ዳኛው ይሂድ። የተዘዋዋሪ ችሎት አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በበጋው ወራት በታወቀ ፕሮግራም፣ በገበያ ቀን፣ ራቅ ባሉ ቀበሌዎች ችሎት ቢዋል ምስክር አይቸገርም፤ ወሰኑንም ዳኛው በዓይኑ ያያል። አንድ ዳኛና አንድ ጸሐፊ በአንድ ጉዞ አሥር መዝገብ ቢያዩ፣ የእነሱ ሁለት ቀን የአሥር ባለጉዳዮችንና የምስክሮቻቸውን መንገድ ያስቀራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ከተሞች ያሉ ተከራካሪዎችን በፕላዝማ መስማት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለገጠሩ ደግሞ ከፕላዝማ በፊት ስልክ ይበቃል፤ ቀጠሮ የተለወጠ እንደሆነ ከዋዜማው ለቀበሌው ወይም ለባለጉዳዩ ቢደወል በከንቱ የሚመጣ አይኖርም።

አራተኛ፣ ቀጠሮ ዋጋ ይኑረው። ቀጠሮ በበቂ ምክንያት እንጂ በልማድ ሊሰጥ አይገባም። ያለ ምክንያት ያስለወጠው ወገን የዚያን ቀን የሌላውን ወገንና የምስክሮችን ወጪ እዚያው እንዲከፍል ቢታዘዝ፣ መጓተት ትርፍ መሆኑ ያበቃል። ወጪና ኪሳራ እስከ ፍርድ መጨረሻ ከቆየ ለድሃ አይደርስለትም።

አምስተኛ፣ ስለ ውክልና ሕዝቡ ይወቅ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ አባት ወይም እናት የጠበቃ ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው በውክልና እንዲከራከሩ ይፈቅዳል። ስንቷ አሮጊት ናት ከተማ የሚኖር ልጅ እያላት በእግሯ የምትመላለሰው?

ስድስተኛው እኛን ይመለከታል። በፌዴራል የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ተጥሎበት ነበር። ጠበቃ ግን ባለበት ነው የሚያገለግለው፤ ያለው ደግሞ በአመዛኙ በትልልቅ ከተሞች ነው። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ሲሟገት ኖሯል። የሕግ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ ሲወጣ አንድ ወር ሙሉ ችሎት ውስጥ ተቀምጦ ከሚያዳምጥ፣ ጠዋት ጠዋት በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ቢጽፍ የበለጠ ይማራል። ለገበሬው ደግሞ የመጀመሪያዋ ማመልከቻ ተስተካክላ መጻፏ ከአንድ የጠበቃ ንግግር ትበልጥበታለች።

ማጠቃለያ

ፍርድ አግኝቶ ያልተፈጸመለት ሰውም እንዳለ አንርሳ፤ አፈጻጸም ራሱን የቻለ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ መጥሪያ፣ ሌላ ምልልስ ነው። ስለሆነም የተባለው ሁሉ እስከ አፈጻጸም ድረስ ይሠራል። ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ አብዛኞቹ አዲስ አዋጅም አዲስ ሕንጻም አይጠይቁም። የሚጠይቁት መዝገብ ቤቱ፣ ችሎቱ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱና እኛም ቀጠሮ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ እንድንጠይቅ ነው፤ “ይህ ሰው ለዚህች ቀን ከየት ነው የመጣው?”

ያች የስማዳ ሴት 32 ቀን መንገድ ላይ ከመዋል ግማሽ ጥማዷን ብትተው ማንም አይፈርድባትም። ግን የተወችው መሬቱን ብቻ አይደለም። ልጆቿም ጎረቤቶቿም ከእርሷ የሚማሩት ወሰን የሚከበረው በሕግ ሳይሆን በጉልበት መሆኑን ነው። ያን ጊዜ ጭብጦዋ ያለ ፍርድ ሄደች ማለት ነው። ይህ ቁጭት ደግሞ በእኛ አገር ወደ ምን እንደሚያመራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ የወንጀል መዝገብ ሲገለጥ ሥሩ የወሰን ነገር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የፍትሐ ብሔሩን መንገድ ማሳጠር የወንጀሉንም በር መዝጋት ነው።